ጓሮ የሌለበት ካርታ

ልጄ የሚያጠናበትን የድሮ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ፣ የወረቀቱ ኮሽታ ዳምቦያ ከተማ አጠገብ ወደነበረው ጓሯችን ይዞኝ ሄደ።

በደርግ ጊዜ፣ የመንደር ምሥረታው ሰሞን ነው። ከመንግሥት ተልከው የመጡት ሰዎች እንዲህ ያለ ካርታ እንሰታችን ሥር ዘርግተው፣ ነፋስ እንዳይወስደው ጥጉን በድንጋይ ተጭነው፣ ለእናቴ አንዲት ጥቁር ነጥብ አሳዩዋት።

«እናት፣ ቤትሽ ይቺ ናት። አፍርሳችሁ እዚያ ሜዳው ላይ ትሠራላችሁ።»

እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና «ጓሮዬስ የታለ?» አለች።

«ጓሮ ደግሞ ካርታ ላይ ይወጣል እንዴ!» ብሎ አንዱ ሳቀ።

ቤቱ ፈርሶ ማገሩን ስንሸከም፣ እናቴ እንሰቱ መሃል ቆማ «እንግዲህ ብቻዋን ልታድር ነው» አለች።

ስለ ላማችን የምታወራ መስሎኝ «ላሟማ አብራን ትሄዳለች እኮ፣ እማ!» አልኳት። አቀፈችኝ።

ለካ እኔ ሳልወለድ የሞተችው የመጀመሪያ ልጇ እዚያ እንሰት ሥር ተቀብራ ኖሯል። ይህን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ጓሮው የማኅበር እርሻ ሆኖ ከታረሰ ቆይቷል። እናቴንም የቀበርናት በአዲሱ መንደር ነው።

«እማዬ፣ ምን ፈለግሽ?» አለኝ ልጄ፣ ካርታው ላይ ማጎንበሴን አይቶ።

ጓሯችን የነበረበትንና አዲሱን መንደር እንዲያሳየኝ ጠየቅሁትና ባሳየኝ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። አንዲት ጣቴ ሁለቱንም ሸፈነቻቸው።