የዘይነባ መቀነት

ለማንም ያልነገርኩትን ነው የምጽፈው። ፌስቡክ ላይ የሰው ጽሑፍ ከማንበብ በቀር ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን እጄ አላርፍ አለኝ።

ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስል ጎረቤቶቼ «አላህ ይዘንላት» አሉኝ። «ለማን?» አልኩ። ገብቶኛል፣ ግን ጠየቅኩ። አሁንም ከግድግዳው ወዲያ ሚዛኗ ሲንቀጫቀጭ የሚሰማኝ ይመስለኛል።

አንዋር መስጊድ ጀርባ ዘይነባ ቅመም፣ እኔ የፕላስቲክ ዕቃ ስንሸጥ አብረን አረጀን። ማንበብ የለመድኩት ኮረሪማ በምትጠቀልልበት ጋዜጣ ነው። ደህና ደህናውን ገጽ እየለየች «እንኪ፣ አንቺ ምሁር» ብላ ትወረውርልኝ ነበር።

ልጇ ሀያት ለቅሶው ላይ «አንድ ቤት እየኖርኩ እንዴት አላየሁም? እኔ ነኝ የገደልኳት» እያለች ደረቷን ትመታለች። አጠገቧ ተቀምጬ አፌ አልከፈት አለኝ። ባሌም ታሞ ሳለ የሆዴን ሳልነግረው ነው የሞተብኝ። ስለዚህ ወጥቼ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ዘይነባ ከጆንያዎቹ ኋላ ጠርታ እምብርቷን አሳየችኝ። እንደ ተልባ የሚሙለጨለጭ ፈሳሽ ያወጣል።

«መቀነቱ ነው የላጠኝ» አለች።

ብሯን ቋጥራ ቀኑን ሙሉ ሆዷ ላይ ስለምታስረው እኔም አመንኩ። እኛን ገበያ የምንውለውን ሁላችንንም ይልጠናል። «ለማንኛውም ሐኪም ይየው» ስላት የዘወትር ቃሏን መለሰችልኝ፦

«ቆይ፣ ደንበኛ ቆሟል።»

በኋላ ግን ሄደናል፤ ደጋግመን። የቁስል ቅባት ሰጡን። ሽንቷ ላይ ደም የለ፣ ሕመም የለ፤ ማን ፊኛን ይጠርጥር? በመጨረሻ በምርመራ ሆዷ ውስጥ እብጠት ሲገኝ ነው ሐኪሙ ያስረዳን። ማህፀን ውስጥ ሳለን ከሽንት ፊኛ ወደ እምብርት የሚሄድ ቱቦ አለ፤ ቆይቶ ይዘጋል። እብጠቱ ካንሰር ነው፤ የበቀለውም እዚያ ቱቦ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ብዙ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ አያጋጥመውም አለን። ያኔ ግን ተሰራጭቶ ነበር።

«ምስኪን መቀነቴን በከንቱ ስናማው ከረምን» ብላ ሳቀች።

ከዚያ አስማለችኝ። «ሀያት አራስ ናት፣ ደንግጣ ወተቷ ይደርቃል። ጨጓራ ነው በይልኝ።» ምዬ ለሀያት እንዳለችኝ ነገርኳት። ሀያት ያላየችው እናቷ ስለደበቀቻት ነው።

ዘይንዬ፣ መሐላሽን አፈረስኩብሽ፤ ተቆጪኝ። ይህ ጽሑፍ ከሁሉም ቀድሞ የሚደርሰው ለሀያት ነው። አንቺ መቀነትሽን ፍቺና ዕረፊ። የቆመ ደንበኛ የለም።