የተካፈልነው ክኒን

ልብስ ሰፊ ነኝ። አዳማ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ጉንጬ በጫት ሳይወጠር የሰፋሁት ሱሪ የለም። ሚስቴ ታግሣ ታግሣ ሲመርራት ባቱ እህቷ ዘንድ ሄደች። ጫቱን ከተውክ መጥተህ ውሰደኝ፣ ካልተውክ በመንገድ አትልፋ ብላኝ ነው የወጣችው።

ከጫት ሱስ ያላቅቅ እንደሆነ የሚሞከር መድኃኒት ሆስፒታል መጣ ሲባል እየሮጥኩ የተመዘገብኩት ለዚህ ነው። የበርጫ ጓደኛዬ የሆነውን ጎረቤቴን፣ በርበሬ ነጋዴውንም ጎትቼ ወሰድኩት። ነርሷ በትዕግሥት አስረዳችን። ለአንዳንዱ ሰው መድኃኒቱ፣ ለሌላው ደግሞ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ክኒን ይሰጣል፤ ለማን የቱ እንደደረሰ እሷም አታውቅም። ፈርመን የየራሳችንን የክኒን ብልቃጥ ይዘን ወጣን።

ጓደኛዬ ሱቄ እንደገባን ሐሳብ ገባው። ለአንዳችን ባዶው ደርሶ እንደሆነስ? ሌላው ብቻውን ሊድን ነው? እኔም አላስቻለኝም። በርጫ ላይ ያለው ለሌለው ጀባ እያለ የኖርን ሰዎች ነን፤ ብቻውን የሚቅመውን እንኳ እናማዋለን። ሁለቱን ብልቃጥ ጨርቅ መቁረጫዬ ጠረጴዛ ላይ ገለበጥን፣ ደባለቅን፣ እኩል ተካፈልን። በሥራችን ኮራን።

ክኒኑ ይሁን እርስ በርስ መተፋፈራችን እንጃ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለታችንም ጫት አልነካንም። ስፌቴ ቀጥ አለ፤ ምሳ መብላት ጀመርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ላይ ጓደኛዬ የክፍፍሉን ነገር ለነርሷ በኩራት አወራላት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መሳቅም መቆጣትም አምሯት ነበር። የደም ግፊታችንን ለክታ፣ ደህና መሆናችንን አይታ፣ ከሙከራው መውጣታችንንና ውጤታችን እንደማይቆጠር ነገረችን። ለምክር ግን በየሳምንቱ እንድንመጣ ለመነችን።

ሚስቴን የምመልስበት መንገድ ሙከራው ብቻ ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ባቱ ወረድኩ። ሚስቴን እህቷ ደጃፍ ላይ ሽንኩርት ስትልጥ አገኘኋትና ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ ሁሉንም ዘከዘክኩት። ክኒኑን ደባልቀን መካፈላችን ላይ ስደርስ በሳቅ ፈረሰች። ውጤቴ አይቆጠርም መባሌን ስነግራት ግን ሳቋን አቆመች።

«እነሱ ባይቆጥሩት እኔ ቆጥሬዋለሁ። ዛሬ አስራ ዘጠኝ ቀንህ ነው» አለችኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ በየቀኑ ትደውልልኝ ነበር። በሃያ ዓመት በዚያ የበርጫ ሰዓት አስታውሰኸኝ ታውቃለህ?»

ቢላዋውን በእጄ አስያዘችኝና ልብሷን ልትሸክፍ ገባች።