በእኔ ፊርማ ያለፈች ፒክአፕ

አማቼ በያጅ ነው። የልጄ ባል ይሁን እንጂ እኔ ልጄ ነው የምለው። በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የውሃ ታንከር መቆሚያ ይሠራል። የበየደው በር ከሁለት ዓመት በኋላ ቢሰነጠቅ እንኳ ሄዶ በነጻ ይደግመዋል። "ስንጥቁ የኔ ነው፤ የብረቱ አይደለም" ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ባለቤቱ በሩን በእርግጫ እየመታው ነው ብሎ ይገላገል ነበር።

የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ነው፤ እዚያ ኪራይ ይረክሳል። ሥራው ግን በከተማው በሌላኛው ጫፍ፣ ፎቆች በሚሠሩበት በኩል ነው። የብየዳ ማሽንና ጀነሬተር ተሸክሞ አውቶቡስ ላይ አይወጣም፤ ስለዚህ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አለችው። ልጄ ፒክአፗን "ጣውንቴ" ትላታለች፤ ባሏ እሑዱን የሚጨርሰው ከሥሯ ተጋድሞ ነዋ።

አዲሱ መንገድ ሲከፈት ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ሥራ ቦታው በሃያ ደቂቃ ያደርሳል። ግን ይከፈልበታል፤ ሲሄዱም ሲመለሱም። ፒክአፕ ደግሞ የሚቆጠረው ከጭነት መኪና ጋር ነው። የተወለወለች የቤት መኪና፣ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦባት፣ አጠገቡ ቆማ የሱን ግማሽ ከፍላ ታልፋለች።

"እኔ ማሽን ስለጫንኩ ነው እማማ። ሰውየው የጫነው ክራቫት ብቻ ነው" ይለኛል።

ይስቃል። የወሩ ክፍያ ከቤት ኪራዩ ጋር ሊስተካከል ትንሽ ሲቀረው ግን ሳቁን ተወና ወደ አሮጌው መንገድ ተመለሰ። አሮጌው መንገድ በእኔ ደጅ ነው የሚያልፈው። አዲሱ ከተከፈተ ወዲህ የሚጠግነው የለም። ከባድ መኪናዎችም ክፍያውን ሽሽት ወደሱ ስለዞሩ ጉድጓዱ ጎማ የሚውጥ ሆኗል። በዚያ በኩል ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ አማቼ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እየተነሳ፣ ልጁን ሳትነቃ ትቷት ወጥቶ፣ ከተኛች በኋላ ይገባ ጀመር።

አንድ ቀን ጠዋት ከቤቴ አለፍ ብሎ መሪው ላይ እንቅልፍ ጣለውና ፒክአፗ ከነማሽኑ ቦይ ውስጥ ገባች። በነጠላ ጫማ ሮጬ ስደርስ ግንባሩ ደም በደም ሆኖ ከመንገዱ ዳር ቆሟል።

"ምንም አልሆንኩም እማማ። እሷ ትንሽ ጋደም ማለት አምሯት ነው" አለኝ።

ደሙን ጠረግኩለት። ይሄ ሰው አንድ ቀን ከዚህ መንገድ አይመለስም አልኩ፤ ለራሴ።

በዚያው ሰሞን የመንገዱ ቢሮ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከመክፈያ ጣቢያው አምስት ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ የሚኖር ሰው ካርድ አውጥቶ ግማሽ ይከፍላል ይላል። የእኔ ቤት አምስቱ ውስጥ ነው። የነሱ ሰባተኛው ላይ ነው። ርካሽ ኪራይ ፍለጋ ራቅ ብሎ የሄደ ሰው ሙሉውን ይክፈል ማለት ነው።

አማቼ በሥራ ሰዓት ቢሮ መሄድ ስለማይችል እኔ ሄድኩ። ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማታ መጥቶ ሲጠይቀኝ "የቤተሰብ ቤትም ይቆጠራል ይላል። እኔ ቤት ትቆጠራለህ" አልኩት።

እንዲያ አይልም ነበር።

"እርስዎ ካነበቡትማ" አለ። ኮርቶብኝ ነው እንዲያ ያለው። ማንበብ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጉልበታችን አገጫችንን እስኪነካ የሕፃናት ወንበር ላይ ተኮልኩለን። መምህርታችን ከልጄ የምታንስ ሴት ናት። በሥራ ቀን የመንገዱ ቢሮ ሠራተኛ ናት። ክፍል ውስጥ አንቱ እላታለሁ፤ ከበሩ ስንወጣ አንቺ። ፊርማ ያስተማረችን ቀን በየደብተራችን ላይ ስማችንን ጽፋ፣ ከሥሩ ወደ ላይ ቀና የሚል መስመር አሰመረችልንና "አውራ ጣትዎን ማንም ይዞ ቀለም ሊያስነካዎት ይችላል። ፊርማ ግን እርስዎ ራስዎ ነዎት" አለች።

ቅጹን ልሰጥ ስሄድ ቢሮው ሦስት መስኮት ነበረው። እሷ ሁለተኛው ላይ ነበረች። ወረፋዬ ሲደርስ ባዶ የነበረው የሷ መስኮት ነው። ከኋላዬ ያሉትን ሁለት ሰዎች "እለፉ፣ እለፉ" አልኳቸው፤ ደግ ሴት መስለኋቸው አመሰገኑኝ። ሦስተኛው መስኮት ሲለቀቅ ቀረብኩና "ከላይ የተጠቀሰው ሰው በቤቴ ይኖራል" ከሚለው ሥር ፈረምኩ፤ መስመሩን ሳልረሳ። ከክፍል ውጭ በሕይወቴ የፈረምኩት የመጀመሪያ ወረቀት ያ ነው።

ሦስት ወር ደህና ሆነ። አማቼ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገባ ጀመር። ልጄ ደውላ "ባሌን መለሰችልኝ ጣውንቴ" ብላ ስቃ አሳቀችኝ። ቅዳሜ ሲደርስ ግን መምህርቷ ደብተሬን አይታ "እጅዎ እንዴት አማረ" ስትለኝ፣ ዓይኔን አሞኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ መጥታ ቢሮው ካርድ ያወጡትን ቤት ለቤት እየዞረ እያጣራ መሆኑን ነገረችኝ። አማቼ ለሰው ይስጡልኝ ብሎ የተወው አሮጌ የሥራ ጫማ ጓዳ ነበር፤ አውጥቼ ጠራርጌ በር አጠገብ አስቀመጥኩት። የተቃጠለ ጃኬቱን ምስማር ላይ ሰቀልኩ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ቲያትር ሠሪ ሆንኩ ማለት ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። መምህርቷ ናት፤ የቢሮውን መዝገብ ታቅፋ።

"ሥራ ሆኖብኝ ነው እማማ" አለች ስትቀመጥ። ሻይ ቀዳሁላት። "አንድ በያጅ ከእርስዎ ጋር ይኖራል ይላል።"

"አማቼ ነው።"

"አሁን የለም?"

"ሥራ ሄዷል። ሥራ ወዳድ ነው።"

ጫማውን አየች። እኔም አብሬያት አየሁ። ላዩን ወልውዬዋለሁ፤ ውስጡ ግን ሸረሪት አድርታበታለች። መምህርቷ እስክሪብቶዋን ከፈተች።

የፒክአፗ ድምፅ የተሰማው ያኔ ነው። አማቼ የጓዳዬን በር ማጠፊያ ሊቀይርልኝ ቃል ገብቶ ነበር፤ በድንጋጤዬ ረስቼዋለሁ። መዶሻውን ይዞ ገባና እግሩ ጫማው ላይ ሊደናቀፍ ሲል ቆመ።

"እማማ፣ ይሄን ጫማ እስካሁን ለሰው አልሰጡትም እንዴ? እግሬ ከገባበት እኮ ዓመት አለፈው።"

ጫማውን አየ፤ ጃኬቱን አየ፤ የሴትየዋን መዝገብ አየ። መጨረሻ ላይ እኔን አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። መዶሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"እህቴ፣ የምኖረው ከወንዙ ማዶ ነው። የተጠቀምኩበት እኔ ነኝ፤ በእኔ ይጻፍ።"

"የፈረምኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"አውቃለሁ እማማ" አለች መምህርቷ። "መስመሩን እኮ እኔ ነኝ ያስተማርኩዎት።" መዝገቡን ዘጋች። "ደንቡ ልክ ነው አልልም። እኔም ከወንዙ ማዶ ነኝ፤ በአሮጌው መንገድ ነው የምመላለሰው።"

ሻይዋን ሳትነካው ሄደች። አማቼም ማጠፊያውን ሳይቀይር ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ክፍል አልሄድኩም። አማቼ እንደ ድሮው በሌሊት በደጄ ያልፋል፤ ሲያልፍ አንዴ ጥሩምባውን ይነካል። ነቅቼ እሰማዋለሁ፤ በሩን ግን አልከፍትም። ምን ዓይን ኖሮኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ራሱ መጣ። አዲስ ማጠፊያ ይዟል፤ ከቢሮው የመጣ ፖስታም ይዟል።

"መነጽሬን መኪና ውስጥ ረስቼዋለሁ እማማ። እስኪ ያንብቡልኝ" አለና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

መነጽሩ ከደረት ኪሱ ብቅ ብሎ ይታየኛል።

ማንበብ ጀመርኩ። ካርዱ ተሰርዟል፤ የሦስቱ ወር ልዩነት ይከፈላል። ቀጥሎ "የቤቱ ባለቤት በፊርማቸው የሰጡት ማረጋገጫ ሐሰት" የሚል መጣ። እዚያ ላይ ቆምኩ። ፊደሉ ከብዶኝ አይደለም።

"ይቀጥሉ እንጂ" አለ ብሎኑን እያጠበቀ።

"ሐሰት ሆኖ በመገኘቱ" ብዬ ጨረስኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ከሥሩ ደግሞ በክፍያው ላይ ማንኛውም ቅሬታ ያለው ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቅርብ ይላል፤ እሱንም አነበብኩለት።

"የፒክአፕንም ነገር? ከጭነት መኪና ጋር መቆጠሯንም?"

"ማንኛውም ቅሬታ ነው የሚለው።"

"እርስዎ ካነበቡትማ" አለ።

ይቺን ቃል መስማት አልቻልኩም። ተነስቼ መነጽሩን ከኪሱ አወጣሁና ከወረቀቱ ጋር ሰጠሁት። "አይሆንም፤ አንተም እየው" አልኩት።

መፍቻውን አስቀምጦ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ መነጽሩን አደረገ። ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ፣ አንድም ቃል ሳይዘል አነበበው።

"ልክ ነው እማማ። እንዳነበቡት ነው" አለ።