ጉንጯን የደገፈችው እናት

ልጅ ሳለሁ እናቴ መልእክት ስትልከኝ ወዲያው አታስኬደኝም ነበር። "መጀመሪያ ለጎረቤታችን ንገሪያት" ትለኛለች። ጎረቤታችን ነገሩን ያልሰማች ሴት ናት። እነግራታለሁ፤ እሷ ደግሞ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ የገባትን ለእናቴ ትመልስላታለች። እናቴ "ልክ ነው" ካለች ብቻ ነው መንገድ የምጀምረው። መንገዱን እንዴት እወደው ነበር! ያኔ ሀዋሳ ዛፏ ይበዛል፤ የሐይቁን ዳር ይዤ፣ ወፎቹን እያየሁ፣ ውኃውን በእግሬ እየነካካሁ እሄዳለሁ። ዛሬም እግሬ አላረፈም። ጎረቤት "እማማ የት ናቸው?" ሲል ልጆቼ "ወይ ሐይቅ ዳር ወይ መናኸሪያ ፈልጓቸው" ይላሉ።

አንድ ቀን ለአጎቴ የተላክሁት "አያቴ ታማ ነበር፣ አሁን ተሽሏታል" ብዬ እንድነግር ነው። ለጎረቤታችን "አያቴ ታማ ነበር" ከማለቴ ሴትዮዋ "ወይኔ!" ብላ ደረቷን መታች። የቀረውን ማን ይስማ! እኛ ጋ መርዶ "ሞተ" ተብሎ አይጀመርም፤ "ትንሽ አሞት ነበር" ነው የሚባለው። እናቴ ከአጥሩ ወዲህ ሆና በሳቅ ፈረሰች። "አየሽ? ከተሻላት ጀምሪ" አለችኝ። ሳቋ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ይሄን ያስታወሰኝ በቅርቡ የሆነ ነገር ነው። እዚሁ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈራችን ውስጥ፣ እኛ ሴቶች በሳምንት አንድ ቀን ለጸሎት እንሰበሰባለን። ጸሎቱ እንዳበቃ አንዲት ልጅ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ ገባች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ለጤና ትምህርት ሥዕል የምታዘጋጅ ናት። ጡት እምቢ ብሎ ዝም ብሎ የሚተኛ አራስ ሕፃን ታሟልና ፈጥናችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት ለማለት ነው ሥዕሉ፤ ገና ሳትዘረጋው ይህን ነገረችን።

"ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል" አለች። "ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም፤ አስተያየታችሁን ፈልጌ ነው።"

ወረቀቱን ዘረጋችው። እናት አልጋ ላይ ተቀምጣለች፤ ሕፃኑ አጠገቧ ተኝቷል፤ እሷ በእጇ ጉንጯን ደግፋለች።

"ውይ ሲያምር!" አለች አንዷ።

"እጅሽ ይባረክ! ብርድ ልብሱ ራሱ!" አለች ሌላዋ።

እንግዳ፣ ያውም የለፋችበትን ይዛ መጥታ፣ ማን ክፉ ይናገራታል? ልጅቷ ደስ እያላት ትጽፋለች።

እኔ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። የበኩር ልጄ እንዲሁ ነበር የተኛው። "እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው፣ አያለቅስም" እያልን አመሰገንነው። በሦስተኛው ቀን አጣሁት። አሁን ደግሞ የልጄ ሚስት ወሯ ገብቶ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ሥዕሉ የሚሰጠው ለእሷ ዓይነቷ ነው።

"ልጄ፣ አትቀየሚኝ" አልኳት። "እኛን አትጠይቂን። ነገሩን አስቀድመሽ ነግረሽናል፣ ደግሞም እንግዳችን ነሽ። ላልሰማ ሰው አሳዪና ምን እንዳየ ይንገርሽ።" የእናቴንም ነገር አጫወትኳት።

"እማማ፣ ይሄን እኮ ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ" አለች አፈር ብላ። "ጊዜ አጥሮኝ ነው እንጂ።"

ደጃፋችን ላይ በቆሎ የምትጠብስ ሴት አለች። ልጅቷ ምንም ሳትል ሥዕሉን ዘረጋችላት። ሴትዮዋ ማራገቢያዋን አስቀመጠች።

"ውይ የኔ እናት! ሞተባት?"

"ማን?"

"ልጇ ነዋ! ጉንጯን ይዛ የለ እንዴ? ይሄን ደግሞ አራስ ቤት እንዳትሰቅሉት፣ ሟርት ነው።"

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። "እያሰበች ነው ብዬ እኮ ነው የሣልኳት" አለች ቀስ ብላ።

ይሄኔ የጸሎት ጓደኞቼ ምላስ ተፈታ። "እኔም ገና ሳየው ደንግጫለሁ" አለች ብርድ ልብሱን ያደነቀችው።

"አንቺ! ስታሞግሺ አልነበር?"

"ታዲያ ምን ልበላት? ብርድ ልብሱማ ያምራል!"

ተሳሳቅን። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ አለቃዋ ጋ ደወለች። "ነገ አይደርስም... አውቃለሁ... ሴቶቹስ ወደውታል፤ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያዩበት" ትላለች። የሰውዬው ጩኸት እኛ ጋ ድረስ ይሰማል። "በእኔ ይሁን" ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠችና በጀርባው በእርሳስ ጀመረች። አይታ እንድትሥላት የልጄን ሚስት ደጅ አወጣናት። ጋቢ ጠቅልለን እንደ ሕፃን አሳቀፍናት፤ ከሆዷ ላይ እየተንሸራተተ አስቸገረን። "ይሄን ድንጋይ ባጃጅ ነው በዪውና አንድ እግርሽን አሳርፊበት" ትላታለች ልጅቷ። በድንጋዩ ቦታ ባጃጁን ከነሹፌሩ፣ ከጎን ደግሞ ጡት ሲሰጠው ፊቱን የሚያዞር ሕፃን ሣለች።

ሊመሽ ሲል የሚወስዳት ባጃጅ መጣ። ሳትሳፈር ወረቀቱን ለሹፌሩ አሳየችው። "ምን ይታይሃል?"

አንገቱን አስግጎ አየው። "ልጁ ጡት እምቢ ብሏት ሐኪም ቤት ልትወስደው ነዋ" አለ። ከዚያ በጣቱ የተሣለውን ሹፌር ነካ አድርጎ ተቆጣ። "ይሄ ሰውዬ ግን ምን ይጎልተዋል? ውረድና ደግፋት በዪው እንጂ!"

ልጅቷ ባጃጁ ውስጥ ገብታ ተቀመጠችና እርሳሷን እንደገና አወጣች።