የአባባ ሰይድ አህያና የእኛ ግርግም

የጤፍ ጭድ በወደቀበት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጎንበስ እልና አንዲቷን አንስቼ በጣቶቼ መሃል አሽከረክራታለሁ። ባለቤቴ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆነ «ደግሞ ጀመራት!» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እሱ ለአንዲት ጭድ ብሎ ቀኑን ሙሉ ደግ ሆኖ የዋለበት ልጅነት የለውም፤ እኔ ግን አለኝ።

ያደግሁት ሐይቅ ከተማ ነው። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ሙስሊሞች፣ የቀሩት ኦርቶዶክሶች ነበሩ። እኛ ካቶሊኮቹ አንድ ድፎ ዳቦ ቆርሰን የምንዳረስ ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ነን። «ካቶሊክ ነን» ስንል ሰዉ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ይለናል፤ እኛም አንገታችንን ቀና አድርገን እናስረዳለን። ቤተ ክርስቲያናችን የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላት አንድ ክፍል ነበረች። የራሳችን ቄስ አልነበረንም። አባ ከደሴ አልፎ አልፎ እየመጡ ይቀድሱልናል። በሌላው እሑድ ጸሎቱን የሚመሩት፣ ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩን፣ ደወሉንም የሚደውሉት መምህር ኃይሉ ነበሩ።

መምህር ቁጣቸው የሚቀድም፣ ከረሜላቸው የሚከተል ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ ያንገበግባቸዋል። ለገና «እናንተ ጥቂት ናችሁ፣ ደሴ መጥታችሁ አክብሩ» ስለምንባል በዋዜማው ሁላችንም አውቶቡስ ተሳፍረን እንሄድ ነበር። መምህር ጉልበታቸው ታሞ የአውቶቡሱን ደረጃ መውጣት እንቢ ካላቸው ወዲህ ግን እቤታቸው ይቀራሉ። ለገና ሲያዘጋጁን ከርመው፣ ገና ሲደርስ ብቻቸውን! ስንመለስ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው «እስቲ እንዴት ነበር? ንገሩኝ» ይሉን ነበር።

አንድ ዓመት ታዲያ መምህር አባን አጥብቀው ያዟቸው። አባ ቆፍጣና ናቸው፣ እንዲህ በቀላሉ አይረቱም። በመጨረሻ ግን እንዲህ ብለው ቃል ገቡ፦ «ከገና በፊት ላለው ለኖላዊ እሑድ እመጣለሁ። ልጆቹ ግርግሙን ሞልተውት ካገኘሁ ገናን እዚሁ እቀድሳለሁ። ባዶውን ካገኘሁት ግን እንደ ድሮው ደሴ ነው።»

ግርግም የምንለው መምህር ራሳቸው ከወይራ የሠሯት፣ አራስ ልጅ የምታስተኛ ትንሽ የእንጨት ገንዳ ናት። ገናን የምንጠብቅበት ዘመነ ስብከት ሲገባ ባዶዋን መንበሩ ፊት ያስቀምጧታል። ከስብከት እሑድ እስከ ብርሃን፣ ከብርሃን እስከ ኖላዊ፣ እኛ ልጆች ለሠራነው ለእያንዳንዱ በጎ ሥራ አንዲት ጭድ እንጨምርባታለን። ሕፃኑ ኢየሱስ በገና ሌሊት የሚተኛው በዚያ ላይ ነው። ሕጉ ጥብቅ ነበር፦ ሳይሠሩ ጭድ መጨመር ክልክል፣ የሠሩትን ማውራትም ክልክል። «ያወራችሁት ሥራ ሕፃኑን ጎኑን ይቆረቁረዋል» ይሉናል መምህር፣ እኛም ከልባችን እናምናለን።

ያን ሰሞን ሰፈሩ ጉድ አለ። ለመምህር ገና ስንል ደግነት ፍለጋ ቤት ለቤት ዞርን። የአንዷን እህል ወፍጮ ቤት እናደርሳለን፣ የሌላውን የጠፋ ጠቦት ከሐይቁ ዳር ካለው ሣር ውስጥ ፈልገን እናመጣለን። እትዬ ዘሃራ እጃቸው ተሰብሮ ታስሮ ስለነበር እኔ የሳቸውን ውሃ መቅዳት ያዝሁ፤ እንስራውን ደጃፋቸው አስቀምጬ ሳያዩኝ እሮጣለሁ። «ያ ረቢ! የዘንድሮ ልጆች ምን ነካቸው?» ሲሉ ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ አፌን በነጠላዬ አፍኜ እስቃለሁ።

የማይገባኝ የታናሽ ወንድሜ የታደሰ ነገር ነበር። ታደሰ እንኳን ለሰው፣ ለራሱም ውሃ የማይቀዳ ሰነፍ ነው። ያን ሰሞን ግን ከሰዓት በኋላ ድንገት ይጠፋል፣ ሲመለስ ጭድ ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ግርግሙ። ምን ሠርተህ ነው ስለው ዝም። እያጭበረበረ ነው ብዬ ጆሮውን ቆነጠጥሁት፤ እንባው እየወረደ እንኳ አልተነፈሰም።

የኖላዊ ዋዜማ ቅዳሜ ወለሉን በእበት ልንለቀልቅ ግርግሙን አውጥተን ደጅ አስቀመጥነው። ጢም ብሎ ሞልቷል። ያን ጊዜ አጥር የሚያዋስኑን አባባ ሰይድ ከውጫሌ ገበያ አምባሰሏን እያንጎራጎሩ ተመለሱ። ጭነቱን አራግፈው ቡሊት የምትባለውን አህያቸውን ለቀቋት። እኛ ውስጥ እበት ስናቦካ ቡሊት ጆሮዋን እያርገበገበች የግርግሙን የመጨረሻ ጭድ አኘከች። የሁላችንም ደግነት አንድ ጉርሻ ሆኖ ቀረ!

መምህር አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ባዶውን ግርግም በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። አባባ ሰይድ አፍረው መሬት ጠበበቻቸው፤ ሮጠው አንድ ጆንያ ጭድ አመጡ። «ውሰዱ፣ ወላሂ ሌላም አለ» ቢሉ መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰይድዬ፣ ጭድ መች አጣን። ይሄ ሥራ የለበትም፤ ይሄን ሞልቼ ቄሱን አልዋሽም» አሏቸው። አባባ ሰይድ ነገሩ ግራ ቢገባቸው ወደኔ ዞሩ። እየተንሰቀሰቅሁ ሕጉን አስረዳኋቸው። «እና አንቺ ምን ሠርተሽ ነበር?» ሲሉኝ ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን። «ሱብሃነላህ» ብለው ጆንያቸውን ተሸክመው ሄዱ።

በማግስቱ አባ መጡ። ቅዳሴው አልቆ ወደ ግርግሙ ሲያዩ የእንጨት ወለሉ ፍንትው ብሎ ይታያል። መምህር እንደ ተማሪ ብድግ አሉና «አባ፣ ሞልቶ ነበር። አህያ በላው» አሉ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። አባ አልሳቁም። የደሴው አውቶቡስ ዓይኔ ላይ መጣ፤ ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን የተቀመጡት መምህርም መጡብኝ።

ይሄኔ በሩ ላይ ኮቴ ተሰማ። አባባ ሰይድ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጆንያቸውን ይዘው ገቡ። ከኋላቸው እትዬ ዘሃራ፣ ባለጠቦቱ፣ እህሏን ወፍጮ ቤት ያደረስንላት ሴትዮ፣ በመጨረሻም ዓይነ ስውሩ ሼህ ይማም በምርኩዝ። «አባ» አሉ አባባ ሰይድ፣ «ልጆቹ እንዳይናገሩ ተከልክለዋል። እኛን ግን ማን ከለከለን? የተደረገልን እኛ ነን!»

እትዬ ዘሃራ በደህናው እጃቸው አንዲት ጭድ መዘዙ። «ይቺ ለውሃዬ። ይቺም ለውሃዬ። ኧረ ብዙ ነው፣ አላህ ያሳድግልኝ!» እያሉ ሲጨምሩ ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። ባለጠቦቱም ጨመረ፣ ባለእህሏም ጨመረች። ሼህ ይማም ግን ጭዳቸውን እንደያዙ ቆሙ። «ለዐስር ሶላት እጄን ይዞ መስጊድ የሚያደርሰኝ ልጅ አለ። ድምፁን ሰምቼው አላውቅም፣ እጁን ግን አውቀዋለሁ» አሉ። መምህር አሰለፉን። ሼሁ እጃችንን አንድ በአንድ እየዳበሱ መጡ። የኔን ዳብሰው አለፉ። የታደሰን ሲይዙ ቆሙ፣ ፊታቸው በራ። «ኧኸ! ይኸውላችሁ የኔ ልጅ!»

«ወንድሜ ነው!» ብዬ ጮህሁ፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። ጆሮውን የቆነጠጥሁት እኔ፣ ከሁሉም ሰው በላይ የኮራሁት እኔ። አባ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩና «መምህር፣ ደወሉን ለገና በደንብ አዘጋጁት» አሉ። የዚያ ገና ሌሊት ሕፃኑን አቅፈው ግርግሙ ላይ ያስተኙት መምህር ኃይሉ ነበሩ። እኛም እልል አልን። አባባ ሰይድ ቡሊትን አጥብቀው አስረው ደጅ ቆመው ሰሙን።

ከዚያ ዓመት ወዲህ በእኛ አጥቢያ፣ በእኛ ቁምስና፣ ጭድ የሚጨምረው የሠራው ሳይሆን የተሠራለት ነው። ሌላ አገር እንዲህ አለ ሲባል አልሰማሁም፤ የሐይቅ ነው፣ የእኛ ነው። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኗ በብሎኬት ተሠርታለች፣ በገና የምትበራ የምትጠፋ አምፖልም አላት። ልጆቹ ደግነታቸውን ስልክ ላይ ይለጥፉታል፤ መምህር ቢያዩ ምን ይሉ ነበር! እሳቸውም አባባ ሰይድም አፈር ከበላቸው ቆይቷል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጦርነቱ በደረሰብን በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ሁላችንም በየፊናችን ሸሸን። ስንመለስ የቤተ ክርስቲያኗ በር ተሰብሯል፣ ግርግሟም የለችም። ያለቀስሁት ለቤቴ ሳይሆን ለሷ ነው። ከዓረብ አገር ተመልሶ የአባቱን ቤት የያዘው የአባባ ሰይድ ልጅ አሕመድ ሰምቶ መጣ። «ምን ያስለቅስሻል? እኛ ጋር ናት፣ አህያዋ በረት ውስጥ ጭድ አልብሼ ደብቄያታለሁ» አለኝ። ቀጥሎም ሳቅ እያለ «አይዞሽ፣ አህያዋን ራቅ አድርጌ ነው ያሰርኳት» አለ። እያለቀስሁ ሳቅሁ።

ዘመነ ስብከት ሲገባ ግርግሟን መንበሩ ፊት አስቀመጥናትና የመጀመሪያዋን ጭድ እኔ ጨመርሁ። «ይቺ ለሰይድ ቤት» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። አሕመድ በር ላይ ቆሞ «ኧረ ተይ፣ እኔ ምን ሠራሁ?» አለ።

«አንተ ዝም በል» አልኩት፤ «ሕጉን አባትህ ናቸው ያወጡት።»