እናቴ የመረጠችው ሰፈር

የአዲስ ቀለም ሽታ ድሮም ራሴን ያመኛል። ባለፈው ዓመት አረፋ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከሚሴ ላይ ተሠርቶ ካለቀ ገና ወር ባልሞላው ፎቅ ደረጃ ላይ ቆሜ የሸተተኝ ቀለም ግን ራሴን ትቶ ደረቴ ውስጥ ገባ። ከፊቴ ደላላው ቁልፍ እያንቃጨለ ይወጣል፣ ከኋላዬ ልጄ ረህመት በስልኳ ፎቶ እያነሳች ትከተለኛለች፣ እኔ መሃል ላይ ሆኜ የደረጃውን ብረት ጨብጬ ተናድጃለሁ። የተናደድኩት ደረጃው ስለበዛ አይደለም። ባደግኩበት ከተማ፣ አባትና እናቴ በተቀበሩበት ከተማ፣ በቀን የሚከራይ ቤት ፍለጋ በመውጣቴ ነው።

ሥራውን የሰጠኝ ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ነው። አዲስ አበባ ከገባ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ እኔ ኮምቦልቻ አግብቼ ቀረሁ፣ ታናሻችን ከድጃ ደግሞ አዳማ ናት። ደውሎ፣ «ዘይኑ፣ ዘንድሮ የልጅ ልጅ ሳይቀር ሁላችንም ከሚሴ ተሰብስበን አረፋን እናሳልፍ። አንች ቅርብ ነሽ፤ ሄደሽ ደህና ሰፈር ምረጭና ሰፋ ያለ አፓርታማ ያዥልን» አለኝ። ሰፈር ምረጭ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ምንም አልከበደውም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሽንኩርት እየከተፍኩ ጣቴን ቆረጥኩ።

ደላላው ጨዋ ሰው ነበር፤ በእሱ ላይ የምለው የለኝም። በባጃጅ አሳፍሮ ሦስት ሰፈር አዞረን። አስፋልቱ ዳር ያለውን መኪና ማቆሚያ አለው አለ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለውን ለመንገደኛ ይመቻል አለ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለውን ይህን ፎቅ ግን ከሁሉም አስበልጦ አመሰገነው። የውሃ ታንከሩን አሳየን፣ ዋይፋዩን ነገረን፣ በመጨረሻም ሳሎኑ መስኮት ላይ ቆሞ፣ «እህቴ፣ ለእንግዳ እንደዚህ ያለ የለም። ጎረቤት የሚባል ነገር የለበትም፤ ማንም አይረብሻችሁም» አለኝ። ቀጥሎም ከየት እንደመጣን ጠየቀኝ። ረህመት መልስ ልትሰጠው አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኳት።

ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ የገባነው። አባቴ እንድሪስ የእህል ንግድ ጀምሮ ገበያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቶ ነበር፤ አምስታችንም ከማሽላው ጆንያ ጋር ተፋፍገን እዚያች እንተኛለን። ጥቂት ቆይቶ ቤት እንሥራ ሲባል አባቴ አስፋልቱ ዳር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ፤ የጭነት መኪና ይቆማል፣ ደንበኛ ይገባል፣ ሌላ ምን ይፈለጋል። እናቴ ሀዋ ክርክር አትወድም። «ሱቅ በአስፋልት ነው፤ ቤት ግን በሰው ነው» አለችው። በማግስቱ ጠዋት ከድጃን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ፣ ሰይድን ከፊት አስቀድማ ወጣች። ሰይድ አሥር ዓመቱ ነበር፤ ሁሉንም ያስታውሳል፣ አላስታውስም ቢል አላምነውም።

የእናቴ ዘዴ ቀላል ነበር፤ በየሰፈሩ እየሄደች አንድ በር አንኳኩታ ለልጆቿ ውሃ ትለምናለች። ከሚሴ በሙቀቱ ወራት እንደ ምድጃ ነው፤ ውሃ የምር ይጠማል፤ ስለዚህ እኔና ሰይድ ማስመሰል አላስፈለገንም። በመጀመሪያው ሰፈር አንድ ጎርናና ድምፅ ከውስጥ «ባለቤቶቹ የሉም» አለን፤ ሰይድ «እና ማን ነው የሚያወራው?» ብሎ ሲጠይቅ እናቴ አፉን በነጠላዋ አፈነችው። በሁለተኛው አንዲት ሴት በሚያብለጨልጭ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ አመጣችልን፣ ጠጥተን እስክንጨርስ በላያችን ቆመች፣ ብርጭቆዋን ተቀበለችና በሩን ዘጋች። እናቴ ትንሽ እልፍ ካልን በኋላ፣ «ውሃው ጥሩ ነው፤ ቤቱ ግን ይቸኩላል» አለች።

ሦስተኛው ሰፈር ከመስጊዱ በላይ ያለው ዳገት ላይ ነበር። በሩ ክፍት ስለሆነ ማንኳኳት እንኳ አላስፈለገም። አንዲት ወፍራም ሴት ደጃፏ ላይ ማሽላ ስታበጥር አገኘናት፤ በኋላ ጎረቤታችን የሆነችው እትየ ሩቂያ ይቺ ናት። እናቴ ውሃ ስትላት ሰፌዱን አስቀመጠችና፣ «ቢሻን ቆፋ? ውሃ ብቻ? ምነው እኛ ቤት ወተት የለም የሚል ወሬ ደረሰሽ?» ብላ ተቆጣቻት። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ «ኮቱ፣ ኢጆሌ፤ ኑ ልጆች» እያለች አስገባችን፣ የማሽላ እሸት ጠብሳ አቀረበች፣ ከድጃን ከእናቴ ጀርባ አውርዳ ከራሷ ልጅ ጋር አስተኛቻት። እስከ አስር ሰዓት እዚያ ዋልን። ወተቱን ከሁላችን ቀድሞ የጨረሰው ሰይድ ነበር፤ ተደገመለት፣ እሱንም ጨረሰው። ስንመለስ እናቴ አባቴን «ሰፈር አግኝቻለሁ» አለችው።

አባቴ ሦስት ቀን አኮረፈ፣ በአራተኛው እሺ አለ። ቦታው ከእትየ ሩቂያ ግቢ ጋር ይዋሰናል፤ ለመግዣው እናቴ የሰርግ ጊደሯን ሸጠች፣ የብር አምባሯንም ከእጇ አወለቀች። ሰፈሩ በደቦ ተሰብስቦ ጭቃ ረገጠልን። እኛ ልጆቹ ጭድ እየበተንን እስከ ጉልበታችን እንገባበታለን፣ ወንዶቹ መንዙማ እያሉ ይመርጋሉ፣ እርጥቡ ግድግዳ ደግሞ ዝናብ እንደነካው ማሳ ይሸታል። ቤት ሲሠራ እንደዚያ ነበር የሚሸተው፤ እንደ ሆስፒታል አይሸትም ነበር። ቤቱ ሁለት ክፍልና የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ሙቀቱ ሲጠና ከውስጡ ይልቅ ደጁ ይሻላል፣ እኛም የኖርነው ደጁ ላይ፣ አባቴ በተከላት ማንጎ ሥር ነው።

በሁለቱ ግቢ መሃል ያለው አጥር የይምሰል ነበር፤ አንድ ሰው የሚያሾልክ ክፍት ቦታ ነበረው፣ አጥሩ በታደሰ ቁጥር ሁለቱ ሴቶች ያንን ቦታ ክፍት ይተዉታል። በዚያ በኩል ሳህን ያልፋል፣ እሳት ያልፋል፣ የተቆጣ ልጅ ሸሽቶ ያልፋል። የእትየ ሩቂያ ቀይ ዶሮም በዚያ እየሾለከች እኛ ማድ ቤት ትጥላለች። እናቴ እንቁላሉን ልትመልስ ስትሄድ እትየ ሩቂያ አትቀበልም፤ «ዶሮዋ በእንግድነት ነው የሄደችው፤ እንቁላሉ የእጅ መንሻዋ ነው» ትላለች። በዚህ ጉዳይ ዓመታት ተከራክረዋል፤ ዶሮዋ ሞታ እንኳ ክርክሩ አላለቀም።

አረፋ ሲመጣ ከሮቢት የአባቴ ዘመዶች፣ ከባቲ የእናቴ እህቶች ይመጣሉ፤ ሃያ ሰው፣ ሠላሳ ሰው፣ የት ይተኛል ብሎ የጠየቀ አላውቅም። እኛ ጋ ካልበቃ እትየ ሩቂያ ጋ ነው። ከሰላት መልስ አባቴ ማንጎዋ ሥር ያርዳል፣ ሥጋው ሦስት ቦታ ይከፈላል፣ የጎረቤቱንና የምስኪኑን ድርሻ እኛ ልጆቹ በየሳህኑ እያደረግን እንሮጣለን። አባቴ በሞተበት ዓመት ደግሞ ሰይድ ለማረድ ገና ልጅ ነበርና እናቴ በዓሉን ልታልፈው አስባ ነበር። የእትየ ሩቂያ ባል ሸህ አደም ግን ከመስጊድ እንደወጡ ወደ ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ወደ እኛ መጡ፣ ሰይድን አጠገባቸው አቁመው የበጉን እግር አስይዘው አረዱልን፤ የራሳቸው በግ ታስሮ ይጠብቅ ነበር። የዚያን ቀን ሰይድ ተደብቆ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።

ይህን ያየ ሰው ነው ቤቱን የሸጠው።

እናታችን ከሞተች በዓመቱ፣ ካርታው በስሟ ስለሆነ ለማዛወር ውክልና ስጡኝ አለን። እኔና ከድጃ ሰጠነው፤ ወንድማችን ነው። ሽያጩን የነገረኝ እሱ አይደለም። አንድ ጠዋት እትየ ሩቂያ በልጅ ልጇ ስልክ ደውላ፣ «ልጀ፣ ቤታችሁን እያፈረሱት ነው፤ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። በሚኒባስ ስደርስ ግማሹ ግድግዳ ወርዷል፣ ማንጎዋ ተቆርጣ ወድቃለች፣ እትየ ሩቂያ ደግሞ በዚያ በአጥሩ ክፍት ቦታ ቆማ መምጣቴን ስታይ ፊቷን ሸፈነች። አፍራ ነበር፤ እኛ ባደረግነው እሷ አፍራ ነበር። ከዚያ ብዙ አልቆየችም፤ ልጇ ባቲ ወሰዳት፣ እዚያው አረፈች።

ለሰይድ ስደውልለት፣ «ማን ይኖርበታል ብዬ ነው? ሁላችሁም በየባላችሁ ቤት ናችሁ» አለኝ። ድርሻችንን አልበላም፣ ልኮልናል፤ ሽማግሌዎቹም ሲያስታርቁን ይህንኑ ነው ደጋግመው የነገሩኝ፣ ሐቅሽን አልከለከለሽም እያሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ታረቅሁ። ንዴቴ ግን የገንዘብ አልነበረምና ገንዘብ አላበረደውም።

እንግዲህ የሸጠው ሰው ነው ሰፈር ምረጭ ያለኝ። እኔም ፎቁን መረጥኩለት። ውሉን ስፈርም አከራዩ አንድ ደንብ አነበበልኝ፤ በግቢው ውስጥ እርድ ክልክል ነው። ረህመት ደንግጣ አየችኝ። «ለአረፋ ነው እኮ የምንመጣው፣ እማ። ለአጎቴ አትነግሪውም?» አለችኝ። «ሲደርስ ያየዋል» አልኳት። ይህን ያደረግኩት አውቄ ነው፤ ዛሬም አልክድም።

የአረፋ ጠዋት ከሰላት ስንመለስ ሰይድ በነጭ ጀለቢያው፣ ከሮቢት ገበያ ራሱ መርጦ የገዛውን ትልቅ በግ በገመድ ይዞ ልጅና የልጅ ልጆቹን አስከትሎ መጣ። ዘበኛው በሩ ላይ አስቆመው። «አባባ፣ ይቅርታ፣ እዚህ አይታረድም» አለው። ሰይድ ቀልድ መስሎት ሳቀ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ።

«እና የት ነው የምናርደው?»

«የምናርድበትማ ነበረን» አልኩት።

ሌላ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ለዓመታት ሳጠናው የኖርኩት ንግግር ነበረኝ። ከዚያች ከአንዷ ቃል በቀር አልወጣኝም። እሱም ገመዱን እንደያዘ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ፣ በጉም አጠገቡ ቆመ፣ አዲስ ልብስ የለበሱት ሕፃናት ከበው ያዩታል። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው በአረፋ ቀን በገዛ ከተማው በግ ይዞ መንገድ ላይ ሲቀመጥ ማየት ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም፤ ንዴቴም አልወጣልኝም።

ከመንገዱ ማዶ የቆርቆሮ በሩን ከፍቶ ሲያየን የቆየ አንድ ሰው ነበር። አያውቀንም፣ አናውቀውም። ተሻግሮ መጣና ለሰይድ እጁን ሰጠው፣ «ምን መንገድ ላይ ያስቀምጣችኋል? ኮቱ፣ ግቡ፣ ቦታ አለ» ብሎ የበጉን ገመድ ተቀበለው። ግቢው ውስጥ የራሱን በግ ገና እየገፈፉ ነበር፤ ሚስቱ ምንጣፍ ዘረጋችልን፣ ልጆቹ እጃችንን አስታጠቡን። እኔን ይበልጥ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ሰፈሩ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ዘመኑ ነው ብዬ እጽናና ነበር። ሰፈሩ ግን ነበረ፣ በሩም ክፍት ነበረ፤ የጠፋነው እኛ ነን፣ ያውም በፊርማችን።

ሰይድ አርዶ እጁን ከታጠበ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዘይኑ፣ ዛሬ አረፋ ነው። አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ» አለኝ።

«ደንቡን ስለደበቅኩህ አንተም አውፍ በለኝ» አልኩት። «ስለ ቤቱ ግን ገና ነኝ። ስችል እነግርሃለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሁለታችንም ወደ መንገዱ እያየን ተቀመጥን። ከበሩ ውጭ የሰይድ የልጅ ልጅ ኢማን፣ የስድስት ዓመቷ፣ አዲሱን ቀሚሷን እያሽከረከረች ትጫወታለች። አንዲት አሮጊት በምርኩዝ እየሄዱ ሲያልፉ ቆም ብለው አገጯን ያዟትና፣ «ማሻአላህ፣ የማን ነሽ አንች?» አሏት።

«ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰባት ቁጥር» አለች ኢማን።

አሮጊቷ ሳቁ። «እሱማ ቤትሽ ነው። የማን ልጅ ነሽ ነው ያልኩሽ?»

ልጅቷ ጥያቄው ስላልገባት ጮክ አድርጋ ደገመችላቸው። ሰይድ አንገቱን ደፋ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ፣ እጇን ያዝኩና፣ «የሀዋ ናት፣ እማማ። ከመስጊዱ በላይ የነበረችው የሀዋ» አልኳቸው።

ሴትየዋ ፊቴን፣ ቀጥሎ የልጅቷን ፊት አንድ በአንድ አዩ፣ ለማስታወስም ጥቂት ደከሙ።

«የትኛዋ ሀዋ?» አሉኝ።