የግሩም የሠርግ ካርድ

ማራኪ ወንድዬ የሠርግ ካርድ አትሠራም። የልደት ትሠራለች፣ የክርስትና ትሠራለች፣ የምረቃ ትሠራለች፤ ለእንቁጣጣሽማ አደዩን ቅጠል በቅጠል ቆርጣ ከነጭ ወረቀት ላይ ስታወጣው ማየት ነው! ሙሽራ ናሙና ልታይ ከመጣች ግን «ሌላ ቦታ ጠይቂ፣ እህቴ» ብላ ታሰናብታታለች።

የአየር ጤና ሰው ደግሞ ወሬ ሳያገኝ አያድርም። «እሷ ሳታገባ ቀርታ በሰው ሠርግ ዓይኗ ይቀላል» ይላል። ኧረ በስንቱ ትቃጠል ይህች ልጅ! በሰው ደስታ ቀንታም አታውቅ። ነገሩ ወዲህ ነው።

ማራኪ ሙያውን የተማረችው ከእትዬ አስካለማርያም ነው። የእትዬ አስካለ ባል ሲሞቱ ግሩም የሚባል አንድ ወንድ ልጅ፣ ከጋራዥ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍልና የደም ግፊት ትተውላቸው ነው የሄዱት። ሴትዮዋ ልጁን አሳደጉ፣ ክፍሏን ሥራ ቤት አደረጓት፣ ግፊቱን ደግሞ በክኒን ያዙት። መሣሪያቸው ይህን ያህል አልነበረም፤ ስለታም ከተር፣ መቀስ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ላስቲክ፣ ከሁሉም በላይ ያቺ ፊደል የምታወጣ ብረት። ጎረቤታቸው መካኒኩ ቢቂላ ራጂ የሚባለውን የብስክሌት ጎማ ሽቦ ቆርጦ፣ ጫፉ ላይ ከአሮጌ ኩሽኔታ ያወጣትን ትንሽዬ ብይ በይዶ ነው የሠራላቸው። መጀመሪያ ፊደሉ ከካርቶን ላይ ተቆርጦ ይወጣል፤ ከዚያ ነጩ ወረቀት ይደረብበትና ከጀርባ በኩል በዚያች ብረት ቀስ ተብሎ ይጫናል። ወረቀቱ ሲገለበጥ ስሙ ያለ ቀለም፣ ያለ ምንም፣ ጉብ ብሎ ይታያል። «በጣት ያልተነበበ ምኑን ካርድ ሆነ?» ይሉ ነበር እትዬ አስካለ፤ የማተሚያ ቤት ካርድ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ማራኪ እሳቸው ጋ የመጣችው ልቧ ቆስሎ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ሳለች አባቷ ወሊሶ ሞተው ተቀበሩ፤ አክስቶቿ «ፈተናዋ እንዳይበላሽ» ብለው መርዶውን ሸሸጓት። ፈተናዋን ጨርሳ፣ ለአባቷ ሸሚዝ ገዝታ እየፈነደቀች ስትሄድ ነው ጥቁር የለበሰ ሰው ግቢው ውስጥ የጠበቃት። እትዬ አስካለ አባቷን ባያውቋቸውም ይህን ሲሰሙ አብረዋት አልቅሰዋል። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ልጅ ሆነች። ግሩምም «ማራኪዬ፣ እናቴ ዛሬ ስንቴ ተቆጣችሽ?» እያለ እንደ ታናሽ እህቱ ነበር የሚቀልድባት።

ግሩም የመንገድ ቀያሽ ነው። ሥራው ቦንጋ አካባቢ ስለነበር በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ከጥምቀት በኋላ ሊያገባ ነበር፤ እጮኛው ቤተልሄም የዘነበወርቅ ሰፈር ልጅ ናት። ታኅሣሥ ሲገባ እናቱ የሰው ሥራ መቀበል አቆሙና የልጃቸውን የሠርግ ካርድ ያዙ። ማራኪ ወረቀቱን ታጥፋለች፣ ጠርዙን ትቆርጣለች፤ የግሩምን ስም ግን ከሳቸው በቀር ማንም አይነካውም። «የሰዉን ሁሉ ልጅ ስድር ኖሬያለሁ፤ ይኼ ደግሞ የኔ ነው» አሉ። ደስታቸው ሲያዩት ያስፈራ ነበር።

አንድ ሐሙስ ምሽት የእትዬ አስካለ ታናሽ ወንድም ጋሽ ሀብተሥላሴ ማራኪን ከሥራ ቤቱ ውጭ ጠሯት። ዓይናቸው ደም መስሏል።

«ቆመሽ አትስሚኝ፤ ተቀመጪ» አሏት። መቀመጫ አልነበረም፤ ከጋራዡ በር ላይ የተጣለ ጎማ ላይ ተቀመጠች። «የግሩም መኪና ጅማ ሳይደርስ ተገለበጠ። ልጁ የለም።»

ልትጮህ ስትል አፏን በእጃቸው ያዙት።

«እንዳትሰማሽ! ባሏ የሞተ ጊዜ ወድቃ ሆስፒታል መክረሟን አልሰማሽም? ሁለተኛ ከወደቀች አትነሳም ብሏል ሐኪሙ። ልጁን ቅዳሜ ስድስት ሰዓት አዲስ ዓለም፣ አባቱ አጠገብ እንቀብረዋለን። እሑድ ንጋት ላይ የእድሩን ሰውና ነርስ ይዘን መርዶውን እንነግራታለን። እስከዚያ ስልኳን ያዢልን፤ ከቤትም አታስወጫት።»

«ጋሼ፣ ሳያዩት? ሳይቀብሩት? አንድ ልጃቸው እኮ ነው!»

«ብትሞትስ? እጅሽ ላይ ብትሞት ትችይዋለሽ?»

የኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ሲያዝንልህ አያድርስ ነው! ቅዳሜ የማይችል ልብ እሑድ በምኑ ይችላል ብሎ የጠየቀ ከዚያ ሁሉ ዘመድ መሃል አንድ አልተገኘም። ማራኪ በራሷ የደረሰ ነገር ነውና ምን እንደሚያደርግ ታውቀዋለች፤ ብታውቀውም ፈራች። ሌሊቱን ሙሉ ትራሷን ነክሳ አለቀሰች።

ዓርብ ዕለት የእትዬ አስካለን ስልክ አጠፋችና «ባትሪው ተበላሽቷል፤ ቢቂላ ያይልዎታል» ብላ ወሰደችባቸው። ቢቂላም ሰምቷል፤ ስልኩን ተቀብሏት ቀና ብሎ ሳያያት ኪሱ ከተተው። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው የልጃቸውን ስም ይጫናሉ። ፊደሉ ከጀርባ ተገልብጦ ስለሚታይ ሌላ ሰው አያነብበውም፤ እሳቸው ግን ለመዱት።

«ግሩም በኔ ካጣኝ ባንቺ ይደውል ነበር። ትናንትናም አልደወለም» አሉ ቀና ሳይሉ።

«እዚያ ኔትዎርክ ጠፍቷል አሉ፣ እትዬ።»

«ጠፍቶ ይቅር! እንኳንም ጠፋ፤ ‹ካርዱ አለቀ ወይ› እያለ አያደርቀኝም» ብለው ሳቁ። ወዲያው ደግሞ «ቀጭን ሆኖብኛል ልጁ። ከሠርጉ በፊት አንድ ወር እቤት ተቀምጦ ብቀልበው ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። ማራኪ ጠርዝ ስትቆርጥ ጣቷን ቆረጠች። «ተይ፣ ደምሽ ካርዱ ላይ እንዳይፈስ!» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ራሳቸው ጠቀለሉላት። መርዶ ሊነገራት የሚገባት እናት እንዲህ ስታስታምማት ዋለች፤ ማራኪም ወደ ማታ ቤቷ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ስትደርስ እትዬ አስካለ ነጭ ሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ቀይረው ቆመዋል። ያለቁትን ካርዶች በሪባን አስረው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋቸዋል።

«ምነው፣ የት ሊሄዱ ነው?» አለች ማራኪ።

«ዘነበወርቅ ነዋ! የመጀመሪያውን ካርድ የሙሽሪት እናት ከኔ እጅ ካልተቀበለች ምኑን ዘመድ ሆንን? ወጣ ብዬ ታክሲ ልያዝ።»

የሙሽሪት ቤት ለቅሶ ላይ ነው። እሱስ ይሁን፤ ከጅማ መንገድ የሚመጣ ሁሉ ከተማ የሚገባው በአየር ጤና ነው። የግሩምን ሬሳ የያዘው መኪና፣ ለቅሶኛ የጫነ አውቶቡስ አስከትሎ፣ በዚያው ሰዓት በዚያው ፌርማታ ሊያልፍ ነው፤ እናትየው ታክሲ ሊጠብቁ በሚቆሙበት ፌርማታ። እዚያ ቆመው ወንድማቸውን በመስኮት ቢያዩትስ?

«ሻይ እንኳ ይጠጡና ይሂዱ» አለች። ከፔርሙዙ ቀድታ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው፤ በዚያ ቤት ሻይ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፣ ሰው በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠጣው። ግን እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ልብ አላሉም።

አሁን ብትነግራቸው ይደርሱ ነበር። እጃቸውን ይዛ እስከ ፌርማታው ብትሮጥ፣ መኪናውን ታስቆመዋለች፤ እናት ከልጇ ሬሳ ጋር አዲስ ዓለም ድረስ ትሄዳለች፣ አፈር ትመልስበታለች። ማራኪ ይህን ሁሉ አሰበች። ቃሉም አፏ ላይ ደረሰ።

«እትዬ፣ ግሩም…»

«ግሩም ምን?» ብለው ዞሩ። ልማዳቸው ነውና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ማራኪ እጁን አየችው። ጋሽ ሀብተሥላሴ «እጅሽ ላይ ብትሞት» ያሏት ትዝ አላትና ቃሉን መልሳ ዋጠችው። ከዚያ ክንዷን ዘረጋ አደረገችና ብርጭቆውን ካርዶቹ ላይ ደፋችው።

ሻዩ በሪባኑ ውስጥ ሰረገ፤ ጉብ ጉብ ያለው ስም ሁሉ ረጥቦ ተኛ። እትዬ አስካለ «ወይኔ!» አሉና ተቀመጡ። ማራኪ ቆማ እንባዋ ይወርዳል፤ ጠብቃ የነበረው ቁጣ ነው። ቢቆጧት፣ ቢሰድቧት፣ በማስመሪያው ቢሏት ቀለል ይላት ነበር።

«አንቺ ሞኝ፣ እንዲህ የሚያስለቅስሽ ምንድነው?» አሏት ይልቅ። «ወረቀት እኮ ነው! ልጄ ይኑርልኝ እንጂ ካርድ መቶ ጊዜ እቆርጣለሁ። በይ ነጠላዬን ያዢልኝ።»

ነጠላቸውን አስቀምጠው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው እንደገና ጀመሩ። ካርቶኑን አመቻቹ፣ አዲስ ወረቀት ደረቡ፣ ከጀርባው ይጫኑ ጀመር። ከሩቅ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል፤ የቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሥራው እየተሳካላቸው ሲሄድ የሠርግ ዘፈን ማንጎራጎር ያዙ። ማራኪንም «ተቀበይኝ እንጂ! ምነው አፍሽን ዘጋሽ?» አሏት። እሷም ተቀበለቻቸው። ምን ታድርግ! ስድስት ሰዓት ሲሞላ ግን አልቻለችም፤ ወደ ጋራዡ ሮጣ ከቆመ መኪና ጀርባ ቁጢጥ አለች። ቢቂላ መዶሻውን አስቀምጦ አጠገቧ ቆመ።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ግቢው በሰው ሞላ። እትዬ አስካለ በሩን ከፍተው ያን ሁሉ ጥቁር ለባሽ ሲያዩ፣ ማንም ሳይናገር «ግሩም!» አሉ። ነርሷ ግፊታቸውን ልትለካ ክንዳቸውን ስትይዝ አስለቀቋት። ደረታቸውን እየደቁ፣ ልጃቸውን በስሙም በቁልምጫውም እየጠሩ ሲያለቅሱ ዋሉ፤ ሁሉም ይወድቃሉ ብሎ ከኋላቸው እጁን ዘርግቶ ቆሟል። አልወደቁም።

በሣልስቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ለመጣው ሰው ሁሉ ያንኑ ይደጋግሙ ነበር። «ያ ሻይ ባይደፋ ኖሮ ወጥቼ ነበር። ሰው ይነግረኝ ነበር። እደርስበት ነበር። እግዜር ነው ያልፈቀደልኝ።» ከዚያም ማራኪን ራሷን እየደባበሱ «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጄ፤ እጅ ይስታል» ይላሉ።

ማራኪ ይህን አንዴ ቻለች፣ ሁለቴ ቻለች። ሌላ እንግዳ ገብቶ እንደገና ሲሏት ግን አንጀቷ አልቻለም።

«እጄ አልሳተም፣ እትዬ። ሆን ብዬ ነው የደፋሁት» አለች።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ከወንዶቹ መሃል ተነስተው «እኔ ነኝ ያዘዝኳት! እንዳትጎጂብን ብለን ነው፤ አትችልም ብለን ነው እኮ!» አሉ።

እትዬ አስካለ ማልቀሳቸውን አቆሙ። ወንድማቸውን ትክ ብለው አዩት።

«አባቱን የቀበርኩት እኔ ነኝ። ልጁን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አስካለ፣ ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ማን ነው?»

አንዷ ሴት ልታለቅስላቸው ድምፅዋን ስታሰማ በእጃቸው ዝም አሰኟት። ከዚያ ወደ ማራኪ ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣም የለ፣ ምንም የለ።

«በስንት ሰዓት ነው የቀበሩት?»

«ስድስት ሰዓት ላይ፣ እትዬ።»

ሰዓቱን በጣታቸው ወደ ኋላ ቆጠሩ።

«እየዘፈንኩ ነበር እኮ» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ» አለች ማራኪ።